ኔትዎርክ በሽምደዳ አይለመድም፦ የኮምፒውተር ኔትዎርክ ኮርስ ለሚሰጡ ትምህርት ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በመጀመሪያ ዲግሪ የኮምፒውተር ኔትዎርክ ኮርስ ለሚሰጡ ትምህርት ክፍሎችና የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ የኮርሱ ላብና ምዘና እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ኔትዎርክ በማስተማርና በመጠገን የምንውል ሰዎች ነን። የምንጠይቀው በአጭሩ ይህ ነው፤ የኮርሱ ውጤት ቢያንስ ግማሹ ተማሪው በገዛ እጁ ከዘረጋው ኔትዎርክና በገዛ ዓይኑ ካነበበው ፓኬት (በኔትዎርክ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ይምጣ። ዛሬ በብዙ ቦታ ሰባቱን የኦኤስአይ ሌየሮች (የኔትዎርክ ሥራ የሚከፈልባቸው ደረጃዎች) በቅደም ተከተል መዘርዘር፣ የቶፖሎጂ ዓይነቶችን መጥቀስና የሀብና የስዊችን ልዩነት መጻፍ ለማለፍ ይበቃል። ያ ተማሪ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ «ፒንግ ይመልሳል፣ ገጹ ግን አይከፈትም» የሚል ስልክ ይደወልለታል፤ ፒንግ ማሽኑ ይደረስበት እንደሆነ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ነው። ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ የተሰጠውን ሸምድዶ፣ የተጠየቀውን መልሶ ነው የወጣው።

የሌየር ሞዴሉ ይቅር አላልንም። ሞዴሉ የሚጠቅመው ግን ብልሽት ለመፈለግ ሲያገለግል ነው። ሊንኩ በርቷል? ኤአርፒ (በአይፒ አድራሻ የካርዱን አድራሻ የሚያፈላልገው) መልስ አግኝቷል? ጌትዌዩ (ወደ ሌላ ኔትዎርክ መውጫው) ይደረስበታል? ስሙ ወደ አድራሻ ተፈትቷል? ፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም አለ? ተማሪው እነዚህን በተራ ጠይቆ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ማቅረብ ከቻለ ሌየሮቹን አውቋቸዋል፤ ካልቻለ ስማቸውን ብቻ ነው ያወቀው። የኦኤስአይ ሞዴል መስፈርት ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ ቲሲፒ/አይፒ ተሻግሮ ነበር። ዛሬ በሽቦው ላይ የሚሄደውም ይኸው ነው። ተማሪው ሴሽን ሌየር ስለሚባለው ሁለት ገጽ ከሚጽፍ የአንድ ፓኬትን የመጀመሪያ 54 ባይት ቢያነብ እንመርጣለን። 14ቱ የኢተርኔት፣ 20ው የአይፒ፣ 20ው የቲሲፒ ሄደር (ከዳታው ፊት የሚቀድም መረጃ) ነው።

መጀመሪያ የሚመጣልን መልስ «ላብ የለንም፣ ራውተርና ስዊች ውድ ነው» የሚል ነው። ለዚህ ኮርስ አብዛኛው ሥራ ራውተር መግዛት አያስፈልግም። 2 ጊጋባይት ራም የተሰጠው አንድ የሊኑክስ ምናባዊ ማሽን ይበቃል። የሊኑክስ ከርነል ኔትዎርክ ኔምስፔስ የሚባል ነገር አለው፤ እያንዳንዱ ኔምስፔስ የራሱ ኢንተርፌስ፣ የራሱ የራውቲንግ ሰንጠረዥና የራሱ የፋየርዎል ሕግ ይኖረዋል። በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ አራት መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አንዱ ክላይንት፣ ሁለቱ ራውተር፣ አንዱ ሰርቨር። የሚያገናኛቸው ቪኢዝ የሚባል ባለ ሁለት ጫፍ ምናባዊ ኬብል ሲሆን ሦስት ጥንድ ያስፈልጋል። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው ፕሮግራም ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነው፣ አንቃወመውም። ነገር ግን ሲሙሌተር ነው፤ የሚያሳየው የእውነተኛ ከርነል ቲሲፒን አይደለም። ተማሪው ሥራ ላይ የሚያጋጥመው ደግሞ እውነተኛው ነው።

አድራሻው ለምሳሌ እንዲህ ይሁን፤ ከስላሹ በኋላ ያለው ቁጥር ከአድራሻው ስንት ቢት የኔትዎርኩ እንደሆነ ይናገራል። በክላይንቱና በመጀመሪያው ራውተር መካከል 10.47.1.0/24፣ በሁለቱ ራውተሮች መካከል 10.47.2.0/30፣ በሁለተኛው ራውተርና በሰርቨሩ መካከል 10.47.3.0/24። 47 የተማሪው መታወቂያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ኩረጃን ከምንም በላይ የምትቀንሰው እሷ ናት፤ የሌላ ሰው ካፕቸር (የተቀዳ ትራፊክ) ያስገባ ተማሪ በመጀመሪያው ፓኬት ይታወቃል።

በዚህ ላብ የሚሳሳቱት ሁሉም በተመሳሳይ ቦታ ነው፤ መምህሩ አስቀድሞ ይወቀው። አዲስ ኔምስፔስ ሲከፈት ሉፕባክ ኢንተርፌሱ (ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት) ጠፍቶ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ተማሪው የራሱን አድራሻ ፒንግ አድርጎ መልስ ያጣና ኬብሉን ይጠረጥራል። የቪኢዝ አንዱን ጫፍ አብርቶ ሌላውን የሚረሳም አለ። በራውተሮቹ ውስጥ የአይፒ ፎርዋርዲንግ ካልተከፈተ ፓኬቱ ከአንዱ ኢንተርፌስ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመመለሻ መንገድ መርሳት ነው። ተማሪው ለመጀመሪያው ራውተር ወደ 10.47.3.0/24 የሚወስደውን መንገድ ይነግረዋል፣ ለሁለተኛው ግን ወደ 10.47.1.0/24 የሚመልሰውን አይነግረውም። ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕ የሚባለውን የፓኬት መመልከቻ ቢከፍት ጥያቄው ደርሶ መልሱም ሲወጣ ያየዋል፤ ክላይንቱ ላይ ምንም የለም። «ፓኬቱ አልደረሰም» እና «መልሱ አልተመለሰም» የተለያዩ ብልሽቶች መሆናቸውን ተማሪው እዚህ ይማራል። ይህን በቃል መማር አይቻልም፤ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት ይጠይቃል።

አሁን ወደዚያ የስልክ ጥሪ እንመለስ። ፒንግ እየመለሰ ገጽ የማይከፈትበት አንዱና ተደጋጋሚው ምክንያት በዚሁ ላብ በግማሽ ሰዓት ይሠራል። በሁለቱ ራውተሮች መካከል ያለውን ሊንክ ኤምቲዩ (አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ የባይት መጠን) በሁለቱም ጫፍ 1400 አድርጉት፤ የዳሮቹ 1500 እንዳለ ይቆይ። ቀጥሎ በሁለተኛው ራውተር ላይ የሚወጣ የአይሲኤምፒ (ፒንግም የሚሄድበት፣ ኔትዎርኩ ችግሩን የሚናገርበት ፕሮቶኮል) የስህተት መልእክት በሙሉ በፋየርዎል ዝጉ። ብዙ አስተዳዳሪዎች «ለደኅንነት» ብለው በእውነትም ይህን ያደርጋሉ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል አስቀምጣችሁ ከክላይንቱ አውርዱ። የሚሆነው ይህ ነው፤ ሦስቱ የቲሲፒ መጨባበጫ ፓኬቶች ትንንሽ ስለሆኑ ያልፋሉ። የክላይንቱ ጥያቄም ያልፋል። ሰርቨሩ መልሱን በ1500 ባይት ፓኬቶች፣ «አትቆራርጡ» የሚለውን ቢት አብርቶ ይልካል። ራውተሩ 1400 ብቻ በሚያሳልፈው ሊንክ ማሳለፍ አይችልም፤ መቆራረጥም ተከልክሏል፤ ይጥለዋል። ለሰርቨሩ «ከ1400 አትበል» የሚለውን የአይሲኤምፒ ዓይነት 3 ኮድ 4 መልእክት መላክ ነበረበት፣ እሱን ደግሞ ፋየርዎሉ ዘግቶታል። ሰርቨሩ ያንኑ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ ክላይንቱ እስኪሰለቸው ይጠብቃል።

ተማሪው ይህን እንዴት ያረጋግጣል? በተራ ፒንግ አይደለም፤ ተራ ፒንግ ከነሄደሩ 84 ባይት ብቻ ስለሆነ ሁሌም ያልፋል። የፒንጉን መጠን መወሰን፣ መቆራረጥን መከልከልና መለካት አለበት። ከሰርቨሩ በኩል 1372 ባይት ዳታ ያልፋል፣ 1373 አያልፍም፤ 1372 ላይ 20 የአይፒና 8 የአይሲኤምፒ ሄደር ሲደመር 1400 ይሆናልና። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ያንን የአይሲኤምፒ መልእክት መክፈት፣ ካልሆነም ራውተሩ ላይ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚይዘው ከፍተኛ ዳታ) ወደ 1360 ማውረድ። ሁለተኛው የሚረዳው ቲሲፒን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ለምን አንደኛው እንደሚሻል ይጻፍ። በአዲሱ የአይፒ ስሪት በአይፒቪ6 ራውተሮች ጭራሽ ስለማይቆራርጡ፣ የጎረቤት ማፈላለጉም በኤአርፒ ፋንታ በአይሲኤምፒቪ6 ስለሚካሄድ፣ አይሲኤምፒን በጅምላ የሚዘጋ ሰው ኔትዎርኩን ራሱን ነው የሚዘጋው። ይህን አንድ ላብ የሠራ ተማሪ ስለ ፍራግመንቴሽን (የፓኬት መቆራረጥ) ሌላ ማስታወሻ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ሰብኔቲንግ (ኔትዎርክን ወደ ትንንሽ መከፋፈል) ላይ ያለን ቅሬታ ሌላ ዓይነት ነው። ተማሪዎች ሒሳቡን ይችሉታል። 192.168.10.0/26 ስንት አድራሻ አለው ሲባሉ 64፣ ለማሽን የሚሰጠው 62 ብለው በፍጥነት ይመልሳሉ። ማስክ (ከስላሹ በኋላ ያለው ቁጥር) ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ግን አያውቁም። በአንድ ስዊች ላይ ሁለት ማሽን አስቀምጡ፤ አንዱ 192.168.10.20/24፣ ሌላው በስህተት 192.168.10.200/25፣ የሁለቱም ጌትዌይ 192.168.10.254። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ፒንግ ሲያደርግ በዚሁ ሰብኔት ያለ ነው ብሎ በቀጥታ ይልክለታል። ሁለተኛው ግን የራሱ ሰብኔት ከ128 እስከ 255 ብቻ ስለሚመስለው መልሱን በጌትዌዩ በኩል ያዞረዋል። ፒንጉ ይሠራል! የሚያሳብቀው የመልሱ ቲቲኤል (በየራውተሩ በአንድ የሚቀንስ ቁጥር) ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሊኑክስ ከሆኑ 64 ሊሆን የሚገባው 63 ሆኖ ይመጣል። ጌትዌዩ የጠፋ ቀን ሁለቱ በአንድ ስዊች ላይ እያሉ መነጋገር ያቆማሉ። «ለምን 63 ሆነ?» የሚለው የፈተና ጥያቄ ሰብኔትን፣ ኤአርፒን፣ ራውቲንግንና ቲቲኤልን በአንድ ጊዜ ይመዝናል።

ክላስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚለው የአድራሻ አከፋፈልም እ.ኤ.አ. በ1993 በሲአይዲአር (የፕሪፊክሱ፣ ማለትም የኔትዎርኩ ክፍል ርዝመት እንደ ፍላጎት በሚመረጥበት) መተካቱ እየታወቀ ዛሬም ሁለት ሳምንት ሲፈጅ እናያለን። ለታሪኩ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። የተረፈው ጊዜ ለረጅሙ ፕሪፊክስ ደንብ ይሰጥ፤ ራውተር ለአንድ መድረሻ ሁለት መንገድ ሲኖረው ጠበብ ያለውን፣ ማለትም ፕሪፊክሱ የረዘመውን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በሀገር ውስጥ ለመዝጋት 208.65.153.0/24 የሚል መንገድ ፈጠረ፤ መንገዱ ወደ ውጭ ሾለከ። ዩቲዩብ የሚያስተዋውቀው 208.65.152.0/22 ነበርና የዓለም ራውተሮች ጠባቡን /24 ተከትለው የዩቲዩብን ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ወሰዱት። ተማሪው ይህንን በአራት ኔምስፔስ ሊሠራው ይችላል፤ በአንዱ /22፣ በሌላው /24 አስተዋውቆ ፒንጉ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው።

ፓኬት ቀድቶ ስለሚያሳየው ፕሮግራም ስለ ዋየርሻርክ አንድ ማሳሰቢያ አለን። መምህሩ ካላዘጋጃቸው ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን ግራ ተጋብተው ይወጣሉ። ኤምቲዩ 1500 ነው ተብለው ካፕቸራቸው ላይ የ2,920 ወይም ከዚያ በላይ ባይት ዳታ የያዘ ፓኬት ያያሉ። የወጪ ፓኬቶች ቼክሰም (የስህተት ማጣሪያ ቁጥር) ደግሞ ስህተት ሆኖ ይታያቸዋል። ሁለቱም ብልሽት አይደሉም። ከርነሉ ትልቁን ዳታ መቆራረጡንና ቼክሰም ማስላቱን ለኔትዎርክ ካርዱ ትቶለታል፤ ዋየርሻርክ የሚያየው ካርዱ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለውን ነው። ከላቡ በፊት ኢዝቱል በሚባለው ትእዛዝ ኦፍሎዱን (ሥራውን ለካርዱ መተዉን) ማጥፋት ነገሩን ያስተካክለዋል። ሌላው፣ በስዊች ላይ የተቀመጠ ማሽን የሌሎችን ትራፊክ አያይም፤ የራሱንና ብሮድካስቱን ብቻ ነው የሚያየው። የሌላ ፖርት ትራፊክ ለማየት ስዊቹ ላይ ሚረር (የትራፊክ ግልባጭ) መክፈት ያስፈልጋል።

ቲሲፒ ባለበት ትራንስፖርት ሌየር ላይ በቂ ጊዜ አይሰጥም፤ በእኛ ግምት የኮርሱ ዋናው ክፍል ይህ ነው። በሶኬት (ፕሮግራም በኔትዎርክ የሚልክበትና የሚቀበልበት ጫፍ) የሚሠራ አንድ ክላይንትና ሰርቨር የማይጽፍ ተማሪ ቲሲፒን አያውቀውም። አሳይመንቱ ሲሰጥ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ሁሉም በራሱ ማሽን በሉፕባክ ይፈትነዋል። የሉፕባክ ኤምቲዩ በሊኑክስ 65,536 ነው፤ የ5,000 ባይት መልእክት ባንድ ጊዜ ንባብ ሙሉ ሆኖ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ተማሪው አንዴ መላክ አንዴ መቀበል ይመስለዋል። ፕሮግራሙ በእውነተኛ ሊንክ ላይ ሲሄድ መልእክቱ በ1,448ም በ2,896ም ባይት እየተቆራረጠ ይመጣል፣ ወይም ሁለት ትንንሽ መልእክቶች ተጣብቀው ይደርሳሉ። ቲሲፒ የባይት ጅረት እንጂ የመልእክት ማመላለሻ አይደለም። ስለዚህ አሳይመንቱ ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት በ4 ባይት ርዝመት እንዲጻፍ፣ ተቀባዩም ያ ርዝመት እስኪሞላ በሉፕ እንዲያነብ ያስገድድ፤ ንባቡ 0 ከመለሰ ወዲያ ማዶ ያለው ዘግቷል ማለት ነው። ርዝመቱ ወደ ኔትዎርክ የባይት ቅደም ተከተል ካልተገለበጠስ? 5 የነበረው 83,886,080 ሆኖ ይነበብና ሰርቨሩ የማይመጣ 80 ሜጋባይት ሲጠብቅ ይውላል። ይህ እንዲደርስባቸው እንፈልጋለን፤ ካፕቸሩን ከፍተው አራቱን ባይቶች ሲያዩ ምክንያቱን በራሳቸው ይደርሱበታል።

ፕሮግራሙን ዘግተው ወዲያው ሲከፍቱ «አድራሻው ተይዟል» የሚል ስህተትም ይመጣል። ግንኙነቱን ቀድሞ የዘጋው ወገን ታይም ዌይት በሚባል የመጠበቂያ ሁኔታ ውስጥ ይቆያል፣ በሊኑክስ 60 ሰከንድ። ብዙዎች ፖርቱን በመቀየር ያመልጣሉ። ትክክለኛው ግን የአድራሻ ዳግም አጠቃቀም አማራጩን ሶኬቱ ላይ ማብራት ነው፤ ታይም ዌይት ለምን እንዳለ፣ ማለትም የዘገየ አሮጌ ፓኬት ከአዲሱ ግንኙነት እንዳይቀላቀል መሆኑን መጠየቅም ተገቢ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ አንድ ሙከራ ብቻ ብትጨምሩ ይህን ጨምሩ። በሁለቱ ራውተሮች መካከል ባለው ሊንክ ላይ ኔትኤም በሚባለው መሣሪያ በያንዳንዱ አቅጣጫ 40 ሚሊሰከንድ መዘግየት አስገቡ፤ ፍጥነቱን በ100 ሜጋቢት በሰከንድ ገድቡ። ኔትኤም የሚያዘገየው የሚወጣውን ብቻ ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ ማስገባት ያስፈልጋል። መጀመሪያ በፒንግ 80 ሚሊሰከንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የመጀመሪያዋ ፒንግ ረዘም ካለች ኤአርፒ ተጨምሮባት ነው። ከዚያ የቲሲፒ ዊንዶው ስኬሊንግን (ማረጋገጫ ሳይመጣ የሚላከውን ዳታ ከ65,535 ባይት በላይ የሚያሳድገውን) በሁለቱም ወገን አጥፍተው አይፐርፍ በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ይለኩ። 65,535 ባይት በ8 ተባዝቶ ለ0.08 ሰከንድ ሲካፈል 6.5 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ነው፤ ባለ 100 ሊንክ ላይ ከዚያ በላይ አይወጣም። ስኬሊንጉን መልሰው ሲያበሩት ወደ 100 ይጠጋል። ሊንኩን ለመሙላት በጉዞ ላይ መሆን ያለበት ዳታ 1,000,000 ባይት መሆኑን ተማሪው ከሙከራው በፊት ራሱ ያስላ። ኦፍሎዱ ጠፍቶ ፍጥነቱን ወደ 1 ጊጋቢት የሚያሳድግ ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥመዋል፤ የኔትኤም ወረፋ ካልተነካ 1,000 ፓኬት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ለአንድ አቅጣጫ 40 ሚሊሰከንድ ብቻ እንኳ 3,333 ፓኬት ያስፈልጋል። ፓኬቶቹ የሚጠፉት በራሱ መሣሪያ ነው፤ ወረፋውን ማስፋት አለበት።

የመጨናነቅ ቁጥጥርን በዚሁ ላይ መቀጠል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል የነበረው ፍጥነት ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወረደ፤ ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው ሥራ ስሎው ስታርትን (በትንሽ ጀምሮ የሚላከውን ማሳደግ) የመሰሉ ዘዴዎችን ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው 1 በመቶ የፓኬት መጥፋት ጨምሮ ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚወድቅ ሲያይ ይህ ታሪክ ትርጉም ይኖረዋል።

ስለ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ መፍታት)፣ ናት (አድራሻ መቀየር)፣ ቲኤልኤስ (ምስጠራ) እና ክዊክ (አዲስ የትራንስፖርት ፕሮቶኮል) እዚህ አንዘረዝርም፤ ቶክን ሪንግና ኤፍዲዲአይ የሚባሉት አሮጌ የኔትዎርክ ዓይነቶች ከኮርሱ ሲወጡ ለእነሱ በቂ ቦታ ይገኛል። ክዊክ እ.ኤ.አ. በ2021 መስፈርት ሆኖ ወጥቷል፣ ከቲሲፒ በተለየው ዩዲፒ ላይ ይሄዳል፤ «ዌብ በቲሲፒ ብቻ ነው» የሚለው ስላይድ ይስተካከል። አይፒቪ6ን ደግሞ የመጨረሻ ሳምንት ተጨማሪ ማድረግ ይቅር። የአይፒቪ4 ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 አልቋል፤ ከመጀመሪያው ላብ ጀምሮ ሁለቱም አድራሻ ጎን ለጎን ይሰጥ።

ፈተናውን በተመለከተ፣ የፋይናሉ ግማሽ የካፕቸር ፋይል ንባብ ይሁን። 30 ወይም 40 ፓኬት ያለው ፋይል ስጡና ምን እንደተበላሸ፣ በየትኛው ፓኬት እንደታወቀ ጠይቁ። ክላይንቱ ሲን (የግንኙነት መክፈቻ ፓኬት) ደጋግሞ ልኮ ዝምታ ብቻ ካገኘ ምናልባት ፋየርዎል ጥሎታል፣ ወይም ማሽኑ የለም፤ ወዲያው ሪሴት (የእምቢታ ፓኬት) ከተመለሰለት ማሽኑ አለ፣ ፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ባለ 100 ሜጋቢት ኢተርኔት ላይ አይፐርፍ 94 ሲያሳይ ጉድለቱ የማን ነው? የማንም አይደለም፤ 1,448 ባይት ዳታ በሽቦው ላይ ከነሄደሩ፣ ከነፕሪአምብሉና ከነክፍተቱ 1,538 ባይት ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደብተር ተከፍቶም መፈተን ይቻላል።

ላቡ ከግቢው ኔትዎርክ የተለየ ይሁን። ተማሪ የዘረጋው የዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድል) ሰርቨር በስህተት ወደ ግቢው ከሾለከ ለማያውቃቸው ሰዎች የተሳሳተ ጌትዌይ ማደል ይጀምራል። የሌላ ሰው ትራፊክ መያዝና የማያስተዳድሩትን ማሽን ስካን ማድረግ እንደማይፈቀድ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በጽሑፍ ይፈረም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የሥርዓተ ትምህርት ግምገማችሁ ላይ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እንጠይቃለን፤ በሳምንት ያልተቋረጠ 3 ሰዓት ላብ፣ ለ20 ተማሪ ቢያንስ አንድ ሶኬት ጽፎ የሚያውቅ የላብ ረዳት፣ ከውጤቱም 50 በመቶ ለላብና ለካፕቸር ንባብ። ከላይ የገለጽናቸውን ላቦች በማኑዋል መልክ ለማዘጋጀትና ረዳቶቻችሁን ከሴሚስተሩ በፊት ለማሠልጠን ፈቃደኞች ነን፤ የምንፈልገው ፈቃዳችሁንና ሊኑክስ የተጫነባቸው ማሽኖች ያሉበት አንድ ክፍል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትዎርክ መምህራንና ባለሙያዎች